«ሽጉጥህን ለምን ትደብቀዋለህ?» ላለው ወንድሜ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ቴሌግራም ላይም ፌስቡክ ላይም ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ርዕሱ «ሽጉጥህን ለምን ትደብቀዋለህ?» ይላል። ጸሐፊው እንደ እኔ እዚህ ቴክሳስ የሚኖር ወገናችን ነው። ሱቅ ውስጥ ሲሠሩ ተዘርፈው የተገደሉ ልጆቻችንን እያሰበ፣ አንጀቱ አርሮ ነው የጻፈው። ሐዘኑ የእኔም ሐዘን ነው። እኔም ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ላይ 9 ዓመት የማታ ፈረቃ ሠርቻለሁ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ልብ ቀጥ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሽጉጥ አለኝ። ፈቃድም አውጥቻለሁ። ስለዚህ ይህ ምላሽ መሣሪያ ከሚጠላ ሰው የመጣ አይደለም። እኔ የምለው መያዝና ማሳየት ለየቅል ናቸው ነው። ወገብህ ላይ የሚታይ ሽጉጥ አንተ አፍህን ሳትከፍት ይናገራል፤ ምን ብሎ እንደሚናገር ደግሞ የሚወስነው ያየው ሰው ነው፣ አንተ አይደለህም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡን እሱ ባለው መንገድ ላስቀምጥ። ሕጉ ይፈቅዳል፣ የተፈቀደን ነገር እንደ ሌባ መደበቅ አያስፈልግም ይላል። ዘራፊ ወገብህ ላይ ሽጉጥ ካየ ሌላ ሰው ፍለጋ ይሄዳል ይላል። ክፉ ቀን ሲመጣ ከሸሚዝ ሥር ከመጎተት በግልጽ ካለበት መምዘዝ ይፈጥናል ይላል። ፖሊስም በግልጽ የያዘን ሰው አይጠረጥርም፣ የሚጠረጥረው የደበቀውን ነው ይላል። በመጨረሻም አባቶቻችን መሣሪያቸውን በአደባባይ ይዘው ነው የኖሩት፣ መደበቅ ባህላችን አይደለም ብሎ ይዘጋል። ለማስረጃ የጠቀሰው ኢንዲያና ግዛት ግሪንዉድ ከተማ ውስጥ በ2022 አንድ የ22 ዓመት ወጣት የገበያ ማዕከል ውስጥ ተኩስ የከፈተውን ገዳይ በሽጉጡ ያስቆመበትን ታሪክ ነው።

ከሕጉ ልጀምር። እውነት ነው፣ ቴክሳስ ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ማህደሩ ውስጥ አድርጎ በግልጽ እንዲይዝ ፈቅዳለች። ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ደግሞ ዕድሜው 21 የሞላና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድም ይችላል። እስከዚህ ልክ ነው። ግን ባለ ሱቁም መብት አለው። በር ላይ የሚለጠፉትን ሁለት ማስታወቂያዎች አይታችኋል? አንዱ 30.06 የሚባለው ነው፣ ፈቃድ ኖሮት ሽጉጡን የደበቀውን ሰው የሚከለክል። ሌላው 30.07 ነው፣ በግልጽ የያዘውን የሚከለክል። ሁለተኛውን ብቻ የለጠፉ ቤቶች አሉ። እዚያ ቤት እኔ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ፣ ሽጉጤ ሸሚዜ ሥር ሆኖ ገብቼ ዕቃዬን ገዝቼ እወጣለሁ። እሱ በር ላይ ይቀራል። «ውጣልኝ» ተብሎ እምቢ ካለ ደግሞ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 4,000 ዶላር መቀጮ የሚያመጣ ክስ ይጠብቀዋል።

ዋልማርት 23 ሰው የተገደለበት የኤል ፓሶው ጥቃት በ2019 ከደረሰ በኋላ ደንበኞቹ ሽጉጥ በግልጽ ይዘው እንዳይመጡ ጠይቋል። ክሮገርም እንደዚያው። እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም፣ እሱን እቀበላለሁ። ግን ወተት ልትገዛ የገባህበት ቤት ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ሲያናግርህ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያይህ፣ መብቴ ነው ብለህ መከራከርህ ምን ይጠቅምሃል?

የኛን ቤቶችም እንያቸው። የሀበሻ ሬስቶራንት ቀን ምግብ ቤት ነው፣ ማታ ማታ መጠጥ ቤት ይሆናል። ቴክሳስ ውስጥ ከገቢው 51 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው እዚያው ከሚጠጣ አልኮል የሚመጣ ቤት ውስጥ ሽጉጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። በሩ ላይ ትልቅ ቀይ 51 ይለጠፋል። ትምህርት ቤትም አለ። የፌዴራል ሕጉ ከትምህርት ቤት በ1,000 ጫማ ውስጥ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ፣ የግዛቱ ፈቃድ የሌለው ሰው የጎረሰ ሽጉጥ ይዞ መንገድ ላይ እንዳይገኝ ይከለክላል። «ቴክሳስ ፈቃድ አያስፈልግም ብላለች» ብሎ ልጁን ሊያደርስ የሄደ አባት ሳያውቀው የፌዴራል ሕግ ጥሶ ሊገኝ ይችላል። ጽሑፉ ይህን በአንድ ቃል እንኳ አላነሳም። ያላነሳው ነገር ደግሞ አንባቢውን እስር ቤት ሊከተው የሚችል ነገር ነው።

ታዲያ ሽጉጡ በየበሩ ሲከለከል የት ይቀራል? መኪና ውስጥ። ፓርኪንግ ላይ ቆሞ ከወገቡ ፈትቶ መቀመጫ ሥር ሲከተው ደግሞ ማንም ያየዋል። መስታወት ለመስበር አንድ ድንጋይ ይበቃል። እኔም አንዳንዴ መኪና ውስጥ ቆልፌ መተው አለብኝ፣ አልክድም። ግን እኔ ሽጉጥ እንዳለኝ ያየ ሰው የለም።

የዲሲ አካባቢ ዘመዶቻችን ጽሑፉን ከሁሉም በላይ እየተቀባበሉት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ በግልጽ ለመያዝ ፈቃድ አይጠየቅም። ከአሌክሳንድሪያ ተነስታችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ ዲሲ ስትገቡ ግን በግልጽ መያዝ ጨርሶ ክልክል ነው፤ ለደበቀውም የዲሲ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሜሪላንድም የራሷ ፈቃድ አላት። የኛ ሰው ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ ነው ያን ድልድይ የሚሻገረው? ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ኩባንያዎች ሾፌርም ተሳፋሪም መሣሪያ እንዳይይዝ ይከለክላሉ። ከሥራ ትባረራላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። «ዘራፊ ሲያይ ይሸሻል።» አንዳንዱ ይሸሻል። ሁለት ሱቅ አይቶ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ያለበትን የሚመርጥ ሌባ እንደሚኖር አምናለሁ። ግን ጽሑፉ ሌባ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ነው የተነሳው። በ2014 ኦሪገን ግዛት ግሬሻም ከተማ ውስጥ አንድ የ21 ዓመት ወጣት ሽጉጥ ገዛ። በዚያው ሌሊት በግልጽ ይዞት ሲሄድ ሌላ ሰው ሽጉጥ ደቀነበትና ያንኑ አዲስ ሽጉጡን ተቀብሎት ሄደ። ሽጉጥ በጥቁር ገበያ ገንዘብ ነው። ወገብህ ላይ ስታንጠለጥለው የሰቀልከው ገንዘብ ነው።

የባሰው ደግሞ ሊገድል ቆርጦ የመጣ ሰው ነው። በሜይ 2022 ቡፋሎ ከተማ ውስጥ ቶፕስ የሚባለው ሱፐርማርኬት የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። 10 ሰው ነው የሞተው፣ ሁሉም ጥቁሮች። ገዳዩ ቀደም ብሎ መጥቶ ሱቁን አጥንቶ፣ የጥበቃ ሠራተኞቹንም አይቶ ሄዶ ነበር። ስለዚህ ጥይት የማያስገባ ልብስ ለብሶ ተመለሰ። ጡረታ የወጣ ፖሊስ የነበረው ጥበቃ ተኩሶ መታው። ጥይቱ ልብሱን አልፎ አልገባም። ያ ጀግና እዚያው ተገደለ። እሱ የቆመው ሥራው ስለሆነ ነው፣ መታየቱም የሥራው ግዴታ ነበር። እኔና አንተ ግን ያ ግዴታ የለብንም። መጥፎ ሰው ገብቶ ዙሪያውን ሲቃኝ ማንን አስቀድሞ ማስወገድ እንዳለበት ራሳችን ለምን እንነግረዋለን?

ወንድሜ የጠቀሰውን የግሪንዉድ ታሪክ እዚህ ላይ ላንሳው። ወጣቱ የሠራው ሥራ የሚያስመሰግነው ነው፣ ሦስት ሰው ቢሞትም ብዙ ሕይወት ተርፏል። ግን ያ የገበያ ማዕከል መሣሪያ ይዞ መግባትን የሚከለክል ደንብ ነበረው። ሽጉጡ ቢታይ ኖሮ ጥበቃዎቹ በር ላይ ያስቆሙት ነበር። ገዳዩም እዚያ ውስጥ የታጠቀ ሰው መኖሩን አያውቅም ነበር። ይህ እንግዲህ በግልጽ ለመያዝ የቀረበ ማስረጃ ነው? ለእኔ ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት እቸገራለሁ።

አንድ ሌሊት ያየሁትን ልንገራችሁ። ዓርብ ነው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ። በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ሰውዬ ገባ። ቀኝ ወገቡ ላይ ጥቁር ሽጉጥ አለ። ማህደሩ ከጨርቅ የተሰፋ ርካሽ ነገር ነው፣ ማያያዣ እንኳ የለውም፣ እጀታው ወጥቶ ይወዛወዛል። የእኔ እጅ ሳላስበው ባንኮኒው ሥር ወዳለችው የደወል ቁልፍ ሄደ። ወተት ይዛ ተራ ትጠብቅ የነበረች ሴትዮ ወተቱን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሰውዬው ምንም አላደረገም። 20 ዶላር አውጥቶ «ፓምፕ 4 ላይ» አለኝ፣ በትህትና። ከዚያ ዞር ብሎ ቺፕስ መምረጥ ጀመረ። ከኋላው ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። አንደኛው ዓይኑ ከእጀታው ላይ አልተነሳም። በእሱ እጅና በሽጉጡ መካከል አንድ ስንዝር ነበር። ሰውዬው የጨው ይሁን የበርበሬ እያለ ያማርጣል። እኔ ያን ሁሉ አያለሁ፣ እሱ አያይም።

እነዚያ ወጣቶችም ከፍለው ወጡ። ምንም አልሆነም። ግን ያቺን ደቂቃ ስንት ሰው ምን ምን እንዳሰበባት ቁጠሩ። እኔ ደወል ልጫን ነበር። ሴትዮዋ ሸሸች። ልጁ ምን እንዳሰበ እግዚአብሔር ያውቃል። ባለ ሽጉጡ ደግሞ ቺፕስ እየመረጠ ነው።

ወደ ፍጥነቱ። በዚህ እሱ ትክክል ነው። ከሸሚዝ ሥር መምዘዝ ይዘገያል፣ ልምምድም ይጠይቃል። በኦገስት ሙቀት ሽጉጥ ሆድህ ላይ አጣብቀህ ከላዩ ሰፊ ሸሚዝ መልበስም ስቃይ ነው፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ላንተ የፈጠነ ከኋላህ ለቆመውም ይፈጥናል። ፖሊሶች ሽጉጣቸውን በግልጽ ይይዛሉ፣ እውነት ነው። የፖሊስ ማህደር ግን መቆለፊያ አለው፣ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ዓይነት፤ አወጣጡን የማያውቅ ሰው ቢጎትተው አይወጣም። በዚያ ላይ መሣሪያቸውን እንዳይነጠቁ ይሰለጥናሉ፣ ሬዲዮ አላቸው፣ የሚደርስላቸው ባልደረባ አላቸው። ከእኛ መሐል ስንቱ ነው ይህን ሁሉ ይዞ የሚንቀሳቀሰው? ክርኑን ሽጉጡ ላይ አድርጎ፣ ከኋላው ማን እንዳለ በየደቂቃው እያየ የሚገበያይ ሰው ካለ እሺ። በሥራ ደክሞ፣ በአንድ እጁ ስልክ በሌላው የልጅ ዳይፐር ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ይህን አይችልም። የኛ ሰው ደግሞ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው።

የፖሊሱ ነጥብ ከሁሉም አብልጦ አሳስቦኛል፣ ምክንያቱም ያመነው ሰው ሊሞት ይችላል። ጁላይ 7 ቀን 2016 ዳላስ ውስጥ አምስት ፖሊሶች በተገደሉበት ምሽት አንድ ጥቁር ሰው በሰልፉ ላይ ጠመንጃ በግልጽ ይዞ ነበር። ሕጉ ይፈቅድለታል። ተኩሱ ሲጀመር ጠመንጃውን ራሱ ለፖሊስ አስረከበ። እንዲያም ሆኖ ፖሊስ ፎቶውን ተጠርጣሪ ብሎ ትዊተር ላይ ለቀቀው፣ አገር ሁሉ አየው። ምንም አልሠራም ነበር። የያኔው የዳላስ ፖሊስ አዛዥ ዴቪድ ብራውን ራሳቸው፣ ተኩስ ሲጀመር ጠመንጃ ከያዘው ሁሉ መሐል ጥፋተኛውን መለየት ከባድ እንደሆነ ተናግረዋል። በ2018 ደግሞ በታንክስጊቪንግ ምሽት አላባማ፣ ሁቨር ከተማ የገበያ ማዕከል ውስጥ ተኩስ ተሰማ። ፈቃድ ያለው የ21 ዓመት ጥቁር ወጣት ሽጉጡን አውጥቶ ሲሮጥ ፖሊስ ገደለው። መጀመሪያ ተኳሹ እሱ ነው አሉ። ቆይተው አይደለም አሉ።

ጸሐፊው «ፊላንዶ ካስቲል የተገደለው ሽጉጡ የተደበቀ ስለነበር ነው» ብሎ ጠቅሷል። ካስቲል በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ መኪናው ውስጥ እያለ ነው የተገደለው፣ ሽጉጡም አይታይም ነበር፤ ይህ ልክ ነው። ሽጉጥ እንዳለው ግን ካስቲል ራሱ ለፖሊሱ ነግሮታል። ፈቃድም ነበረው። የሞተው ደብቆ ስለዋሸ አይደለም። ፖሊሱ ጥቁር ሰውና ሽጉጥን አንድ ላይ አስቦ ስለደነገጠ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ድንጋጤ ሽጉጡን ወገብ ላይ በማውጣት አታጠፋውም። በየመንገዱ፣ በየመብራቱ፣ ባገኘህ ፖሊስ ሁሉ ፊት ትደግመዋለህ። ፖሊሱ አንተን ሲያይ የጎንደር ልጅ ነህ፣ ዲያቆን ነህ፣ የሦስት ልጅ አባት ነህ አይልም። የእንግሊዝኛ አነጋገራችንም አለ። ሰው ጮኾ «እጅህን አሳይ» ሲለን፣ በድንጋጤ ላይ ቋንቋ ተጨምሮ፣ አንድ ሰከንድ ብንዘገይስ?

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ኦክቶበር 31 ቀን 2015 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ውስጥ አንዲት ሴት ጎረቤቷ አካባቢ ጠመንጃ የያዘ ሰው አይታ 911 ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ በኮሎራዶ መሣሪያ በግልጽ መያዝ የተፈቀደ መሆኑን አስረዳቻት። ብዙም ሳይቆይ ያ ሰው ሦስት ሰው ገደለ። የታጠቀ ሰው ማየት ተራ ነገር ሲሆን እውነተኛውን አደጋ ማንም አይለየውም። ሱቅ ውስጥ ለቆመ ልጃችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ያኔ ደወሉን ልጫን አልጫን እያልኩ ያመነታሁት ለዚህ ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ዜግነት ላላገኛችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መያዝ ይችላል። ግን በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ያ ብቻውን ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ለአሜሪካዊው መቀጮ ከፍሎ የሚያልፈው ስህተት ለእኛ ቦሌ ኤርፖርት ድረስ ሊወስደን ይችላል። «ሽጉጥህን አውጣ» ብሎ ሺህ ሰው የሚመክር ጽሑፍ ይህን ሳይነግር ማለፍ አልነበረበትም።

የአባቶቻችን ነገር ቀረ። አያቴ ምንሽር ነበራቸው። ገበያ ሲወርዱ ትከሻቸው ላይ፣ ለቅሶ ሲሄዱ ትከሻቸው ላይ። ስለዚህ ወንድሜ የጻፈውን ሳነብ ደስ ብሎኛል፣ እሳቸውን አስታውሶኛል። ግን በዚያ አገር አያቴን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከሩቅ ሲመጡ ከአረማመዳቸው «እሳቸው ናቸው» ይባላል። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ከማን ጋር ደም እንዳላቸው፣ ከማን ጋር እንደታረቁ ይታወቃል። ጠላ ቤት ሲገቡ ምንሽሩን ለባለቤቷ ይሰጣሉ፤ እሷም ጓዳ ታስገባዋለች። ሁለት ሰው ክፉ ቃል ከተለዋወጠ መጀመሪያ ከእጃቸው የሚወሰደው መሣሪያ ነው፣ ሽማግሌ ቀጥሎ ነው የሚቀመጠው። መሣሪያው በአደባባይ የነበረው ሰውየውም በአደባባይ ስለነበሩ ነው። እዚህ ነዳጅ ማደያዬ ውስጥ የሚገባውን ሰው እኔ አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም። ዛሬ ኢትዮጵያ ራሷ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር አድርጋዋለች። የአያቴን ምንሽር ከነሰፈሩ ማምጣት አይቻልም፤ ምንሽሩን ብቻ ነው ማምጣት የሚቻለው።

ጽሑፉ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ የገፋፋኝም እሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከአራት ዓመት ልጄ ጋር እንጀራ ለመግዛት የሀበሻ ግሮሰሪ ተሰልፈናል። ከፊታችን ያለው ሰው የኛው ሰው ነው፣ ጨዋ፣ ገብተን «ሰላም ነው?» ብሎናል። ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ። እኔ ቁልቁል ነው የማየው። ልጄ ግን ፊት ለፊት ነው የምታየው፤ የአዋቂ ወገብ ለአራት ዓመት ልጅ ልክ የዓይኗ ትክክል ነው። ማህደሩ ላይ የምታብለጨልጭ ቁልፍ ነገር ነበረች። ልጄ ጣቷን ዘረጋች። እኔ እጇን ሳብ ሳደርግ ሰውዬው እንቅስቃሴውን ሰምቶ ዞረ። ልጅቷን አየና ፊቱ በራ። «የኔ ቆንጆ!» ብሎ ሊስማት ጎንበስ አለ። ሲጎነበስ የሽጉጡ እጀታ ደረቷ ድረስ መጣ።

ምንም አልተናገርኩም እዚያ። ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ ፓርኪንግ ላይ ጠበቅሁት። «ወንድሜ፣ አትቀየመኝ» ብዬ ልጄ እጇን ሰድዳ እንደነበር ነገርኩት። ፌስታሉን መሬት አስቀመጠና እጁን ወገቡ ላይ አሳረፈ።

«ወይኔ» አለ። «አላየኋትም እኮ።»